በቀይ እስክሪብቶ ያየሁት የጃፓን ፍቅር

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

«አባዬ፣ አንተ የሰውን ልብ እንደ ፈተና ወረቀት ነው የምታርመው። ሽማግሌዎቹን የመለስካቸው ስለዘገዩ ብቻ ነው። ይኸው አሥራ ሁለት ክፍል የፍቅር ፊልም። አይተህ ጥንካሬውንና ድክመቱን ጻፍ። ሳትጨርስ አታናግረኝ።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። ደብተር ሆይ፣ ምስክሬ ሁን።

የጻፈችው ልጄ ሐያት ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወግዲ ከተማ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። የ11ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ላርም ስቀመጥ የሷን ወረቀት ከፍላሽ ጋር ላፕቶፑ ላይ አገኘሁት። እሷ በጠዋቱ መኪና ወደ ሥራዋ ሄዳለች። ሳትጨርስ አታናግረኝ! ለአባት!

ደግሞም ሐሰት ነው። ሽማግሌዎቹን አልመለስኩም። በጥቅምት ከአቀስታ መጡ፤ አህመድ ለሚባል የእንስሳት ሐኪም ሐያትን ሊጠይቁ። ከዚህ ከተማ የጨመሯቸውን ይዘው አምስት ሰዎች። ለሦስት ሰዓት ተቀጥረው በአምስት ሰዓት ደረሱ። ጎማ ፈነዳ አሉ። «እናስብበታለን» ብዬ ሸኘኋቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ? ደንቡ ነው። ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ አልተመለሱም። እኔ ምን ላድርግ?

ባለቤቴ ዘሐራ ወረቀቱን አንብባ ሳቀች። ቁርጥ አንተን፣ ሰላምታ እንኳ የላት፣ አለች።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ክ. 1 እና 2። ካርቱን ነው! ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ካርቱን እያየሁ ነው። አኒሜ ይባላል ትላለች ዘሐራ። ከሐያት ጋር አይታው ኖሯል። ለኔ ማንም አልነገረኝ።

ታሪኩ፦ ጃፓን ውስጥ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ። ጃንጥላ የሚጠግን ወጣት። ፖስታ ቤት የምትሠራ ልጅ። የተሰበረ ጃንጥላዋን ታመጣለች፤ ይጠግነዋል። ከዚያ እሱ «ትምጣና ትውሰድ»፣ እሷ «ያምጣልኝ»። ሁለቱም ይጠብቃሉ።

ድክመት፦ ዐይናቸው የሻይ ሰሐን ያህላል። አፍንጫ የለም ማለት ይቻላል። ልጅቱ በክ. 1 ብቻ ሦስት ጊዜ አለቀሰች። ያለፈውን ትዕይንት ደግመው ደግመው ያሳያሉ፤ ተመልካቹ ደደብ ነው?

መሐል ላይ መብራት ጠፋ። በባትሪ ጨረስኩት። ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ፣ ከት/ቤት መልስ

ክ. 3–5። ትልቁ ድክመት ተገኘ። ነገሩ ሁሉ አንድ ሽማግሌ የሚፈታው ነው። ጋቢ የለበሰ አንድ ደህና ሰው ገብቶ «ልጆች፣ ምንድን ነው ነገሩ?» ቢላቸው በክ. 3 ያልቅ ነበር። ለዘሐራ ነገርኳት።

«እኛ ቤት አምስት መጥተው ምን አለቀ?» አለችኝ።

እርማት አለብኝ ብዬ ተነሣሁ።

ጥንካሬ (ፍትሕ ይሁን)፦ ዝናቡ። በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የኛ ሐምሌ ነው። ልጁ ሲጠግን ደግሞ እጁን ብቻ ያሳያሉ። ሽቦውን ሲያቃና፣ ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ማንም አይናገርም። ሥራ የሚያከብር ሰው የሣለው ነው። ሁለቴ አየሁት።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ክ. 6–8። ክ. 7 ከንቱ። ሁሉም ለሽርሽር ሄደው ሐብሐብ ይበላሉ። ይሠረዝ።

ክ. 8። የልጅቱ አባት። እስካሁን ጀርባውን ብቻ ነበር የምናየው፤ ጋዜጣ ያነባል። ልጁ በመጨረሻ ጃንጥላውን ይዞ በራቸው ይመጣል። ዝናብ ነው። አባትየው ይከፍታል። የረጠበ ጫማውን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። መሽቷል ይለዋል፤ ይዘጋል። ተመልሶ ጋዜጣውን ያነሣል። ክፉ ሰው አይደለም። ልክ ነኝ ብሎ ነው። ልጅቱ ደረጃው ላይ ቆማ ሰምታለች። አታለቅስም። ያቺ በየደቂቃው የምታለቅስ ልጅ!

አቆምኩት። ወደ ግቢ ወጣሁ። ዘሐራ ምን ሆንክ አለች። ዐይኔን አመመኝ አልኩ።

ሐያትም ያን ቀን አላለቀሰችም። የሽማግሌዎቹን ብርጭቆ አንሥታ አጠበች።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

ጋሼ ተሾመን ከገበያ ሲመለሱ በር ላይ ያዝኳቸው። ጡረተኛ ጎረቤታችን ናቸው። የአህመድ ዘመዶች ከዚህ ከተማ ለምነው ካስገቧቸው ሽማግሌዎች አንዱ። ለምን ቀራችሁ አልኳቸው። ተቆጥቼ።

«በየትኛው ቀን ልንመጣ?»

«በፈለጋችሁት ቀን!»

«አንተ መምህር፣ ደኅና ነህ? የልጅቱ አባት ቀን ሳይቆርጥ ሽማግሌ ይመለሳል? ቀጠሮ የሌለው ‹እናስብበታለን› እምቢ ማለት ነው። ይኼን የምነግርህ እኔ ነኝ? የልጁ አጎት መኪናው እስኪነሣ ቃል አልወጣውም።»

አላመንኩላቸውም።

ለአንተ ግን ልናዘዝ፣ ደብተር። ዐውቅ ነበር። ቀኑን አስቤ ጨርሼ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለው እሑድ። ሁለት ሰዓት ሲያስጠብቁኝ ዋጥኩት። ትንሽ ይጨነቁ ብዬ። በኋላም ቀድሜ መላክ ውርደት መሰለኝ። እነሱ እምቢ ተባልን ብለው ዝም፤ እኔ ናቁኝ ብዬ ዝም። ሐያት መሐል ላይ።

ጋሼ ተሾመ ዘምቢላቸውን አንሥተው ሲሄዱ ሌላም ነገሩኝ። አህመድ ተስፋ ቆርጦ ወደ አፋር ዝውውር ጠይቋል። ከጥር በኋላ አናገኘውም። «አልሐምዱሊላህ፣ ገና አልሄደም» አሉ፤ የማርያም ማኅበርተኛው ጋሼ ተሾመ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ክ. 9–12። ጨረስኩ።

ድክመት፦ መጨረሻው ጥድፊያ ነው። አምስት ዓመት በአንድ ዘፈን ያልፋል። አባትየው በክ. 12 ከልጁ ጋር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ግን አያሳዩንም። ምን አለው? ማን ቀድሞ ተናገረ? ዋናውን ስሌት ዘልሎ መልሱን ብቻ የጻፈ ተማሪ! ከግማሽ ማርክ በላይ አልሰጠውም።

ጥንካሬ፦ ክፉ ሰው የለበትም። ልክ ነኝ ያሉ ሰዎች ዕድሜ ሲበሉ ያሳያል። ይህን በዚህ ዕድሜዬ ማንም ሳይጮህብኝ ያስረዳኝ የለም። ስማቸውን የማላውቃቸው ሠዓሊዎች፣ አላህ ይስጣችሁ።

ሐያት ጋ ደወልኩ። ዝርዝሩን አነበብኩላት። ሐብሐቡ ላይ ሳቀች፤ ሳቋን ከሰማሁ ሁለት ወር። ክ. 8 ላይ ስደርስ ንባቡን ተውኩ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። በዚህ ቤት ተሰምቶ የማይታወቅ ቃል።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል አባዬ? ለአቀስታ ንገር።»

ልክ ናት። አሁንም አህመድን ትፈልጊዋለሽ ወይ አልኳት። ትፈልገዋለች። ይህችን ልጅ ስለሰጠኝ አላህን አመሰግናለሁ። ምላሷንም ጭምር።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰ.

ጋሼ ተሾመ ደብዳቤዬን ይዘው በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ አቀስታ ይሄዳሉ። ዘሐራ ደብዳቤውን አይታ «የይቅርታ ነው የክስ?» አለች። ሁለት ቃል አለዘብኩ። ግልባጩ ይኸው፦

«ለአህመድ ቤተሰብ። በጥቅምት ቀን ሳልቆርጥ የሸኘኋችሁ በደንባችን አይደለም፤ በኩራቴ ነው። አውፍ በሉኝ። ቀኑ እሑድ፣ ታኅሣሥ 26 ነው። ሰዓት አልቆርጥም፤ መንገዱን ዐውቃለሁ። ለጾመኞቹ ምሳ ለብቻው ይሠራል። ልጄ ፈቃደኛ ናት፤ እኔም። ሆኖም ‹እንመጣለን› ወይም ‹አንመጣም› የሚል፣ የልጁ አጎት ፊርማ ያለበት መልስ እስከ ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20 ድረስ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። የቃል መልስ አልቀበልም።»