አባባ የለወጡብኝ ምርጫ

ይድረስ ለአባባ፤

ከተለዩን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ሙት ዓመትዎ አልፏል፤ ተዝካርዎንም እንደ አቅማችን አውጥተናል። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልዎት የቆየሁት ረስቼዎት አይደለም። ለስለስ ያለ ቃል እስካገኝ ብዬ ነበር። አላገኘሁም። ያለኝ መራራው ነውና እሱኑ ይቀበሉኝ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። እማዬ ጉልበቷ ደክሟል፣ ከቤተ ክርስቲያን ግን አትቀርም። መጻሕፍትዎን ያስቀምጡባት የነበረችውን ክፍል ለአንዲት ነርስ አከራይተናታል። ፍኖተ ሰላም አስፋልቱ ዳር ፎቅ በፎቅ ሆናለች፤ ቢመጡ መንገዱ ይጠፋዎታል። እኔ ቡሬ ነኝ። የውሃ ሥራ ቴክኒሻን ሆኜ በየቀበሌው እየዞርሁ ምንጭ አጎለብታለሁ፣ የተበላሸ ፓምፕ እጠግናለሁ። መሐንዲሶች የፈረሙበትን ንድፍ ይዤ ቧንቧ እለካለሁ። ንድፉ ሲሳሳት ይታየኛል፤ ማረም ግን የእኔ ሥራ አይደለም።

የቀድሞ ተማሪዎችዎ ዛሬም መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። "የመምህር ልጅ አይደለሽ? ሒሳብን ያስወደዱኝ እሳቸው ናቸው" ይሉኛል። እኔንም ያስወደዱኝ እርስዎ ነዎት። የቆጋ ግድብ ገና ሲቆፈር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችዎን ይዘው መራዊ የወረዱ ዕለት ትዝ ይልዎታል? ሌሎቹ ልጆች ዶዘሩን ከበው ሲያዩ እኔን ጠርተው ቁጢጥ አሉና መሬቱን በእንጨት እየጫሩ፣ አፈር ያን ሁሉ ውሃ ችሎ የሚቆመው እንዴት እንደሆነ አስረዱኝ። ግርጌው ለምን እንደሚሰፋ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስንመለስ "አባባ፣ እኔ የምሠራው ይኸን ነው" ብልዎት፣ "ትሠሪያለሽ እንጂ!" አሉኝ። ያን ያህል ደስ ብሎዎት አይቼዎት አላውቅም።

በዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጹ መጣ። የውሃ ምህንድስና ከሆነ አርባ ምንጭ ነው ብዬ አንደኛ እሱን፣ ሁለተኛ ባሕር ዳርን ጻፍሁ። እርስዎ "አርባ ምንጭ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ባሕር ዳርም ምህንድስና አለ" አሉ። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግርግር ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበርና ሥጋትዎ እሱና የመንገዱ ርቀት ብቻ መሰለኝ። ሦስት ቀን ተከራከርን። በአራተኛው "እንግዲህ ኑሮው ያንቺ ነው" ብለው ዝም አሉ። እኔ ሞኟ ዝምታዎን ፈቃድ አደረግሁት።

ምደባው ሲለጠፍ ባሕር ዳር ሆኖ አገኘሁት። ውጤቴ ለየትኛውም ይበቃ ነበር። ሳለቅስ አይተው "የእግዜር ፈቃድ ነው ልጄ" አሉኝ። የእግዜርን ስም መጥራትዎ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐቁን የሰማሁት በአንደኛው ዓመት አጋማሽ፣ ለዕረፍት መጥቼ ትራንስክሪፕቴን ላወጣ ያስተምሩበት የነበረው ትምህርት ቤት በሄድሁ ጊዜ ነው። የሪከርድ ሠራተኛዋ በየዋህነት "አባትሽ ባያስተካክሉልሽ ኖሮ ይኼኔ የት በረሃ ነበርሽ" አለችኝ። ቅጾቹን ወደ ዞን የወሰዱት እርስዎ ነበሩ። ከመሄድዎ በፊት እሷ ጠረጴዛ ላይ አርባ ምንጭን አጥፍተው ባሕር ዳርን ጻፉበት።

ምሳ ላይ ጠየቅሁዎት። እማዬ ወጥ እየጨለፈች ነበር። እርስዎ አልካዱም። "ቁጥር የትም ቁጥር ነው። ይልቅ ብዪ" አሉኝና ነጭ ጋዋንዎን ለብሰው ወደ ማስተማሪያ ክፍልዎ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አልደብቅም። ባሕር ዳር ተመልሼ ደብተር መግለጥ ተውሁ። ጓደኞቼ ሲያጠኑ እኔ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ እውል ነበር። እርስዎን ልቀጣ ብዬ ራሴን ጣልሁ። ተባረርሁ። ፍራሼን ጠቅልዬ መናኸሪያ ስወርድ መጥተው ተሸከሙልኝ፤ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተናገሩም። ይኸንንስ እችለው ነበር። ጎረቤት ሲጠይቅዎ ግን "ሒሳቡ ከብዷት ነው" አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ሒሳብ፣ አባባ? ለእኔ? ጥፋቱ የሁለታችን ነበር፤ እርስዎ ግን የራስዎን ድርሻ ለእኔ አሸክመው፣ ከተማው ሁሉ ሰነፍ ሲለኝ ዝም ብለው ሰሙ።

ሲታመሙ ያስታመምሁዎት እኔ ነኝ። አጠብሁዎት፣ አጎረስሁዎት፣ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ሰጠሁ። በልቤ ግን አንዲት ቃል እጠብቅ ነበር። "በድዬሻለሁ" ቢሉኝ እግርዎ ላይ እወድቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ግድግዳው ዞረው "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አሉ። ስለ ሕመምዎ መሰለኝ። ሰሙን ይዤ ወርቁ አመለጠኝ።

ወርቁን የነገረችኝ በአርባዎ የመጣችው የግሽ ዓባይዋ እህትዎ ናት። "አባትሽ እኮ ታናሽ ወንድማችንን በዚያ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ምህንድስና ተማር ብሎ የላከው እሱ ነው" አለችኝ። "ልጁ ባሕር ዳር ይሻለኛል፣ ለቤቴ ቅርብ ነው ሲል፣ አባትሽ ትልቁን ትተህ ትንሹን? ብሎ ቅጹን ራሱ ሞላለት። በዓመቱ የደርግ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ወሰዱት። ሬሳውም አልተገኘ። እናታችን እስክትሞት የአባትሽን ዓይን ሳታይ ኖረች።"

አጎት እንደነበረኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሃያ አምስት ዓመት አብሬዎት ኖሬ ስሙን አልነገሩኝም። ልቅሶዬን የሰማ ሰው ለእርስዎ ያለቀስሁ መስሎት "አይዞሽ" ይለኝ ነበር። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ምነው ይኸን ቢነግሩኝ? አንድ ከሰዓት በኋላ አስቀምጠው "ልጄ፣ እንዲህ ደርሶብኛል፣ ፈርቻለሁ" ቢሉኝ፣ ባሕር ዳርን በገዛ እጄ እጽፈው ነበር።

እውነቴን ነው። በምን አወቅሽ ይሉ ይሆናል። ዘንድሮ ትዕግሥት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰች። ትንሿ ልጅዎ እሷም ምህንድስና አለች፤ ያውም ጅማ። እማዬ አምና አገሩ ሲታመስ ያየችው አልወጣላትም። "መምህራኑን ታውቂያቸው የለ፣ ባሕር ዳር አስደርጊልኝ፤ እሷ አትስማ" ብላ እጄን ያዘች። እኔ "እማዬ፣ ይኸን ሁለተኛ ከአፍሽ አልስማ" አልኋት። ተቀየመችኝ።

ከዚያ ትዕግሥትን ይዣት ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ በእግራችን ወጣን። ሁሉንም ነገርኋት፤ አጎታችንን፣ ቅጹን፣ እኔ ያደረግሁትን፣ እማዬ የጠየቀችኝን። አምና ጥይት ባሕር ዳርም እንደተሰማ፣ ቅርብ ማለት ደኅና ማለት እንዳልሆነም አልሸሸግኋት። "የፈለግሽውን ጻፊ፤ የሚነካብሽ የለም" አልኋት። ሁለት ቀን አሰበች። በሦስተኛው ቀን ቅጹን አሳየችኝ። አንደኛ ባሕር ዳር ይላል። "እማዬ እንቅልፍ ታግኝ። ምህንድስናው እንደሆነ እኔው እማረዋለሁ" አለች፣ እየሳቀች።

አብሬያት መሳቅ አቃተኝ። ይኸን ያህል ቀላል ነበር፣ አባባ። መናገር ብቻ ነበር። እሷ ፊት ቆሜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በገዛ እህቴ ቀናሁ።

በመጪው ሳምንት ትሄዳለች፤ እኔ እሸኛታለሁ። እርስዎንም አልረሳዎትም። ሰው "ደግ መምህር ነበሩ" ሲለኝ አዎን እላለሁ፣ እውነት ነውና። በጸሎቴ ስምዎን ስጠራ ከእንግዲህ የወንድምዎንም ስም አስከትዬ እጠራለሁ፤ እርስዎ ያልጠሩትን። ይቅር ብዬዎት እንደሆነ ግን አይጠይቁኝ። ገና አልደረስሁበትም።

ልጅዎ
ጥሩዬ