ማስቲሽ የነካው እጅ

እሑድ

ዛሬም አፉን ከፈተ። አባ ኪዳኔ ቅዱስ ቁርባኑን በጣታቸው ይዘው ጠበቁ፤ አባዬ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ከኋላው ተራርቆ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አየ። እኔም በሩ ላይ ሳኒታይዘሬን ይዤ አየሁ። በመጨረሻ አባዬ አፉን ዘጋ፣ ማስኩን መለሰ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ሳይቆርብ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሲያደርገው ይኼ ሦስተኛው ነው።

በወረርሽኙ ተዘግቶ የነበረው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ተመልሶ ከተከፈተ ጀምሮ ደንቡ አንድ ነው፤ ቁርባን በእጅ እንጂ በምላስ አይሰጥም። ደንቡን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስም የምመዘግበው እኔ፣ ሙቀት የምለካው እኔ፣ "አፍንጫዎንም ይሸፍኑ እንጂ" የምለው እኔ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ተማሪዎቼ ላይ የማወርደውን ቁጣ ሁሉ ወደ ቁምስናችን ምእመናን አዙሬዋለሁ። የገዛ አባቴን ግን አልቻልኩትም።

ታክሲ ውስጥ ቻልኩት። ፌርማታው ላይ እንደወረድን አላስቻለኝም።

"አባዬ፣ ሰው ምን ይላል?"

"አርባ ዓመት ማስቲሽ በነካ እጅ ጌታዬን አልነካም" አለኝ።

ጡረታ የወጣው ከጫማ ፋብሪካ ነው። ጣቶቹ እስከ ጥፍሩ ሥር ጠቁረዋል። በልጅነቱ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረው፣ ከካህን በቀር ማንም ቁርባን እንደማይነካ ነው። ሰማንያ ዓመት የኖረበትን እኔ በወረቀት ለጥፌ ላስቀይረው እፈልጋለሁ።

"እንግዲያው አትቁረብ!" አልኩት። መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ። እዚህ የምጽፈው ነገ እንዳልክደው ነው።

ሰኞ

የሚመጡትን አራት እሑዶች ተራ ሳወጣ ዋልኩ። በአንድ ቅዳሴ ሃምሳ ሰው ብቻ። ከአስኮ የሚመጡት በጠዋቱ፣ ከሳንሱሲ የሚመጡት በሁለተኛው። አንዷ ደውላ "ባሌ በጠዋቱ፣ እኔ በሁለተኛው? ያጋባችሁን እኮ እናንተው ናችሁ!" አለችኝ። ሳቅሁና አንድ ላይ አደረግኋቸው። ሌላው በጉንፋን ድምፁ ተዘግቶ "ተራዬ እንዳያልፍብኝ" ይላል። እሱን ሰረዝኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት ልበል? ብቻ ስልኩን ቶሎ ዘጋው።

በዚህ መሀል አባዬ መጥቶ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ።

"ማርታ፣ ከላይ የሚሆነው ግራው ነው ቀኙ?"

"የምኑ?"

"የእጁ ነዋ። ሲቀበሉ።"

አንድ ስም ሁለት ጊዜ ጽፌ እሱን እያጠፋሁ ነበር። "ለማትቀበለው ምን አስጨነቀህ?" አልኩት፣ ቀና እንኳ ሳልል።

"ማርታ፣ ማርታ" አለኝ። ሥራ ሲበዛብኝ እንዲህ ያሾፍብኛል። "ስም ሳወጣልሽ ወንጌሉን ደህና አድርጌ ማንበብ ነበረብኝ።"

ወደ ግቢ ወጣ። ሲያስል ሰማሁ። አቧራ ነው አልኩ።

ማክሰኞ

አቧራ አይደለም። ሙቀቱን በቤተ ክርስቲያኑ መለኪያ ለካሁት። ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ በየጊዜው ከፍ ይላል። የጤና ሠራተኞች መጥተው ከአፍንጫው ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ነገ ነው።

የምፈራው፦ ሳንባው ቀድሞም ደካማ ነው። ማስቲሽ ሲያሸት የኖረ ሳንባ። እሑድ አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ስኳር አለባቸው። ሙቀቱን በር ላይ የለካሁት እኔ ነኝ፣ ደህና ነበር። ደህና ነበር እኮ።

አባ ኪዳኔን ልጥራ ብዬ ስልኩን አነሳሁ። መጥተው ቀንዲል ይቀቡታል፣ ያቆርቡታል። ግን ቁርባኑን ወደ እጁ ሲዘረጉለት አፉን ቢከፍትባቸውስ? በዚህ ሳል? እሳቸውም ሰው ናቸው፣ ቢይዛቸው ቁምስናው ያለ ካህን ነው የሚቀረው። እምቢ ካለ ደግሞ አራተኛ ጊዜ አፍሬ ልቆም ነው። ትንሽ ሲሻለው እጠራቸዋለሁ ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩት።

ረቡዕ

ቫይረሱ ተገኝቶበታል። አምቡላንሱ ሲመጣ ጎረቤቱ በየአጥሩ ብቅ አለ። ነጭ ልብስ የለበሱት ሁለት ሰዎች ሊደግፉት ሲሉ "እሄዳለሁ፣ እግር አለኝ" አላቸው። መቁጠሪያውን ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት።

በሩ ሊዘጋ ሲል "አባ ኪዳኔ አልመጡም?" አለኝ።

"ስትመለስ ይመጣሉ።"

ራሱን ነቀነቀ። ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም። እኔም ከቤት እንዳልወጣ ተነግሮኛል። የሱ አልጋ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ሐሙስ

ዛሬ ለአባ ኪዳኔ ደወልኩ። ለምን ማክሰኞ እንዳልደወልኩ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ማርታ፣ አፉን ቢከፍት አፉ ላይ አደርግለት ነበር እኮ" አሉኝ። "ደንብ እኮ ለሚሞት ሰው ይላላል።"

ይላላል። ይኼን ሳላውቅ ነው ደንብ ስለጥፍ የከረምኩት።

ቅዱስ ቁርባኑን ደረታቸው ላይ ይዘው ሕክምና ማዕከሉ ድረስ ሄዱ። በሩ ላይ ከለከሏቸው። ጥበቃዎቹም አይፈረድባቸውም፣ ታዘው ነው። ፀሐይ ላይ ቆመው ሲለምኑ ቆዩ፤ በኋላ አንዲት ነርስ ስልኳን አባዬ ጆሮ ላይ ልትይዝለት ተስማማች። በስልክ ጸለዩለት፣ በስልክ ባረኩት።

ነርሷ ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ። ጥሩ ልጅ ናት። "ቄሱ ሲጸልዩ አባባ ሁለት እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ዘረጉ" አለችኝ። "ውሃ የፈለጉ መስሎኝ ብርጭቆ ሰጠኋቸው። አልያዙልኝም። እንደዘረጉት ቆዩ።"

አባዬ ውሃ ሲፈልግ ውሃ ይላል። እጁን አይዘረጋም። ምን ፈልጎ ይሆን?

ዓርብ

አባዬ ጠዋት አረፈ። ሳይቆርብ።

ቅዳሜ

ቀበሩት። እኔ ቤቴ ነኝ። አባ ኪዳኔ ከሩቅ ቆመው በስልክ አሳዩኝ፤ ምስሉ እየተቆራረጠ አንዴ አፈር፣ አንዴ ሰማይ። የተገኙት ስድስት ሰዎች ናቸው። ዕድሩን ከመሠረቱት አንዱ አባዬ ነበር፤ ለራሱ ግን ድንኳን አልተተከለም፣ ጡሩምባ አልተነፋም። በሰው ለቅሶ ላይ ወንበር ሲያመላልስ ያረጀ ሰው!

ብቻዬን አለቀስኩ። ሰው ሳይዝሽ ማልቀስ ከባድ ነው። መሬት ላይ ብወድቅም የሚያነሳኝ ስለሌለ ቆሜ አለቀስኩ።

ሰኞ

ጎረቤቴ ዘይነባ በየቀኑ ምግብ በር ላይ አስቀምጣ፣ አንኳኩታ ትሸሻለች። ዛሬ አልሸሸችም። አጥሩ ማዶ ቆማ፣ በሻርፗ አፍንጫዋን ሸፍና፣ "ማርታ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንቅልፍ ነሳኝ" አለች።

"አባባ የዚያን ሰኞ ሎሚ ስጪኝ አሉኝ። ለሳል መስሎኝ ሁለት ሰጠኋቸው። በኋላ ሳይ ቧንቧው ጋ ቁጭ ብለው በሎሚና በድንጋይ ጣታቸውን ይፈትጋሉ። ቆዳቸው እስኪቀላ! ከዚያ እጃቸውን አነባብረው ወደ ላይ ያዙ፣ እኛ ዱዓ ስናደርግ እንደምንዘረጋው። አንዴ ግራውን ከላይ ያደርጋሉ፣ አንዴ ቀኙን። 'ምነው አባባ፣ ሰለሙ እንዴ?' ብዬ ቀለድኩባቸው። ሳቁ። 'ቁርባን ልቀበልበት እየተለማመድኩ ነው' አሉኝ። 'ለማርታ እንዳትነግሪያት፣ እሑድ ራሷ ትየው።'"

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም።

ሊነግረኝ መጥቶ ነበር። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ ግራ ነው ቀኝ አለኝ። ሰማንያ ዓመት የኖረበትን ለእኔ ሲል፣ እንዳላፍር ሲል፣ በድንጋይ ፈትጎ አነሳው። እኔ ቀና አላልኩም። ሆስፒታል ደግሞ እጁን ዘረጋ፣ ብርጭቆ ሰጡት።

እሑድ፣ ሁለት ሳምንት አልፎ

ነፃ ነሽ ተባልኩ። በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል፤ ሙቀቴን ለካና "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለኝ። መዝገቡን አየሁት። የዛሬው ተራ አስቀድሞ የወጣ ነው፤ በእኔ እጅ ጽሑፍ የአባዬ ስም አለበት። እሰርዘው ብሎ ጠየቀኝ። ተወው አልኩት። አርባ ዘጠኝ ሰው ሆነን አስቀደስን።

ከቅዳሴ በፊት አባ ኪዳኔን ጠይቄያቸው ነበር። እጁን እስከ መዘርጋት ከደረሰ ይቆጠርለታል ወይ? "የተዘረጋ እጅ ባዶውን ይመለሳል ብዬ አላምንም" አሉ። እሳቸው አያምኑም። እኔ እንጃ። አንዳንዴ አምናለሁ፣ አንዳንዴ ብርጭቆው ይታየኛል።

ተራዬ ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ። ስንቱን ሰው ሳስተምር ከርሜ የራሴ ጠፋብኝ። አባ ኪዳኔ ጠበቁኝ። የዚያን ሰኞ የጠየቀኝን ዛሬ፣ በማስኬ ውስጥ፣ ማንም ሳይሰማ መለስኩለት።

ግራው ነው ከላይ፣ አባዬ። ቀኙ ከሥር ይደግፈዋል።