ሦስት ምክር የወረደበት የወይዘሮ ላቀች ማሳ

ለተደራራቢ አደጋዎች ጥናት ቡድን አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ባልደረቦችዎም በሰላም ወደ ከተማ እንደገባችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በስማዳ ከሞቱት በቀር ደኅና ነን።

ድርቅ፣ የአየር ለውጥና ወረርሽኝ ባንድ ጊዜ ሲመጡ ሕዝብ እንዴት ሊቋቋማቸው እንደሚችል ለማጥናት፣ ከወረዳችን ከተማ ከወገዳ ወዲያ ያለውን መንገድ ታግሠው ቀበሌያችን ድረስ በመምጣትዎ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። አደጋዎቹ እኛ ዘንድ የደረሱት አብረው ነበር፤ አጥኚዎችዎ ግን በሦስት ክፍል ተለያይተው መጥተዋል። ስለዚህ ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፣ ወይዘሮ ላቀች ከሦስቱ አደጋዎች ዋናውን አንዱን ብቻ እንዲመርጡ ስለ ጠየቃችኋቸው እናመሰግናለን። ድርቁ ምንጮቹን አደረቀ፤ አገሩ ሁሉ ከነከብቱ በቀረችው አንዲት ምንጭ ላይ ወደቀ፤ ከዚያች ውሃ የመጣው ተቅማጥና ትውከት ባላቸውን ሥዩምን በሰኔ ገደለ። እሳቸውም «የቱን ከየቱ ልለይላችሁ፣ እናንተዬ? ተያይዘው አይደል የገቡት?» ብለው ነበር። ጠያቂው ጥያቄውን በጨዋነት ደገመላቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክሮቻችሁ። የጤናው ክፍል ሰው እንዳይሰበሰብ፣ ሕመም ወደ ገባበት ቤትና ማሳም እንዳይሄድ መከረ። የአየር ጠባዩ ክፍል ዝናቡ ቶሎ ስለሚያቆም ሳይውል ሳያድር እንዲዘራ መከረ። የእርዳታው ክፍል ስንዴ ለመቀበል ሁሉም በቀበሌው ግቢ እንዲሰበሰብ መከረ። ሊቀመንበራችን ታዛዥ ሰው ናቸውና ሦስቱንም ትእዛዝ አደረጓቸው።

በአገራችን ባል የሞተባት ሴት ማሳ የሚታረሰው በደቦ ነው፤ እርፍ መያዝ ለወንድ የተተወ ሥራ ነውና። ጎረቤቶች በሬዎቻቸውን ይዘው ሲነሡ ደቦው ተከለከለ። ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ አባ ደምሌ፣ «በሬዎቹ ካልተከለከሉ እነሱን እንስደዳቸው፤ ብቻቸውን ይሞክሩት» አሉ። በየተራ፣ አንድ አንድ ጥማድ እየሆንን እንረስላቸው ብለን ብንጠይቅ፣ ሦስቱ ክፍሎች የተቀናጀ ምክረ ሐሳብ እስኪያወጡ በትዕግሥት እንድንጠብቅ ተነገረን። የተነገረንም እርስዎ በጠሩት ስብሰባ፣ መላው ቀበሌ አንድ አዳራሽ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ በተቀመጠበት ነው። ወይዘሮ ላቀች ከኋላ ተነሥተው «እዚህ መሰብሰቡ አያሲዝም? የኔ ማሳ ብቻ ነው የሚያሲዘው?» አሉ። አስተያየታቸው ጠቃሚ መሆኑ ተገልጾላቸው እንዲቀመጡ ተደረገ።

ስለ ምንጯም ሦስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ይቅር። አሁንም እየጠጣናት ነው።

ክቡርነትዎን የምንለምነው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «የወይዘሮ ላቀች ማሳ ይታረስ» የሚል። አጭር ቢሆን ቅር አንሰኝም።

ለብቻው ከሚመጣም ተያይዞ ከሚመጣም መከራ ፈጣሪ እንዲሰውርዎ እየለመንሁ፣ ትእዛዝዎን ሳልጥስ ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

አንዳርጌ ማሬ
ከስማዳ፣ ሐምሌ ፳፻፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው የቀበሌውን ማኅተም እስኪያገኝ ዝናቡ ስለ ቆመ፣ ፈቃዱ አሁን አያስቸኩልም። ወይዘሮ ላቀች ለዘር ያኖሩትን ገብስ ቆልተው ለልጆቻቸው አብልተዋል፤ ማሳውም ጦሙን አድሯል። ሜዳው ደልዳላና ከመንገድ ዳር ስለሆነ፣ የጥናታችሁ ውጤት ለሚቀርብበት ጉባኤ ድንኳን መትከያ ቢሆናችሁ የሚረገጥ ሰብል የለበትም።