ሠላሳ አንድ ጥርስ ያለው የመሪ ሳጥን

ማክሰኞ

«ጣሊያን ነው» አለኝ ዕቃ ሻጩ፣ ሳያየው። ስልኩን እየጎረጎረ ሳጥኑን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና «ጣሊያን»። ሰበታ ውስጥ ያረጀ ብረት ሁሉ ጣሊያን ነው። ሰውዬው የመኪና ዕቃ ሲሸጥ ሃያ ዓመቱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም ሳያውቁ መሸጥም ሙያ ይጠይቃል።

ጭንቅላቴ ይረጋ እንደሆነ ያለኝንና የሌለኝን ልጻፍ።

ያለኝ፦ የአባዬ አሮጌ ፒክአፕ። አዲስ ሞተር፣ ዝቅ ያለ ሻንሲ፣ ሰፋፊ ጎማ፤ ሁሉንም በእጄ የገጠምኩት። ከቁራሌ የገዛሁት ስም የለሽ የመሪ ሳጥን።

የሌለኝ፦ ከሳጥኑ ዘንግ ተነስቶ ጎማዎቹን የሚያዞረው ክንድ። የክንዱ ቀዳዳ ከዘንጉ ጥርስ ጋር ካልገጠመ መሪው ጌጥ ነው። ጥርሱ ሠላሳ አንድ። ሳጥኑ የየትኛው መኪና እንደሆነ ካላወቅኩ ክንዱን ከየት አመጣለሁ?

ጊዜ፦ እስከ እሑድ። ታላቅ ወንድሜ ግርማ የአባዬን ግቢ ባዶ ማድረግ ይፈልጋል። «በራሷ ተነድታ ከወጣች ውሰጃት። ተጎትታ ሰው ደጅ ሄዳ እንድትበሰብስ ግን አልፈቅድም፣ ብረት ገዢዎች ቆራርጠው ይውሰዷት» ብሏል። አባዬ ከሞተ ገና ዓመቱ ነው። መኪናዋን «ቆሻሻው» ነው የሚላት።

ረቡዕ

ቡራዩ። «እሱ የማያውቀው መኪና የለም» የተባለ ባለ ጋራዥ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ባለቤትሽ የት አለ?» ብሎ ነው። ባለቤት የለኝም፣ ያለኝ የመሪ ሳጥን ነው።

ጥርሱን ቆጠረና «ሠላሳ» አለ። በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩለት፣ ሠላሳ አንድ። «እንግዲህ አንዱ ትርፍ ነው» አለኝ። ሰው ፍሬኑን ለዚህ ሰው እየሰጠ መንገድ ይወጣል።

ከሰዓት የሳጥኑን ብርማ ቀለም ስፍቅ ዋልኩ። ቁጥር የለውም። ኢንተርኔት ላይ አሮጌ መኪና የሚሠሩ ፈረንጆች ዘንድ ፎቶውን ለጥፌ ነበር፤ አንዱ መለሰ። እንዲህ ዓይነት ጥርስ በዓለም ላይ ስለሌለ ደግመሽ ቁጠሪ ይላል። ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠውን ብረት ነው የለም የሚለኝ።

ሐሙስ

ሱሉልታ፣ ኦቦ ቶሎሳ ቶርኖ ቤት። የሄድኩት ልጠይቃቸው አይደለም። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ምን ያውቃሉ ብዬ፣ ክንድ በግምት እንዲቀርጹልኝ ብቻ ነበር።

«ኮቱ፣ ነይ፣ ወደ ብርሃኑ አምጪው» አሉኝ። መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ዘንጉን አዞሩ፤ ጥፍራቸውን በጥርሶቹ መሃል አስኬዱ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ይሄን ጥርስ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ዋናው ጥርስ ተበልቶ ሲመጣላቸው በብየዳ ሞልተው እንደገና ቀርጸውታል። የዚያን ጊዜ የነበራቸው የጥርስ መከፋፈያ መሣሪያ ሠላሳ አንድ ብቻ ስለሚያወጣ ሠላሳ አንድ አወጡ፤ ክንዱንም በዚያው ልክ ሠሩ፣ መኪናው ሄደ። «ሳጥኑ የእንግሊዝ ነው፣ ጥርሱ የሱሉልታ» አሉኝ።

ፈረንጁ ለካ እውነቱን ነው። ሱሉልታን አልቆጠረም እንጂ።

ክንዱን ነገ ይሰጡኛል። ስወጣ «የእንግሊዝ መሪ በቀኝ በኩል ነው፣ ስትገጥሚው አስቢበት» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኩ። ለኔ ሊነግሩኝ!

ቅዳሜ

ክንዱ ዘንጉ ላይ ግጥም አለ። ብቻዬን ስለነበርኩ አለቀስኩ።

ሳጥኑ ግን በግራ በኩል አልቀመጥ አለኝ። ክንዱ ሞተሩን ይነካል። ገለበጥኩት፤ ቡሎኖቹ ገቡ፤ ጎበዝ ነኝ አልኩ። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ። ጎማዎቹ ወደ ግራ ሄዱ።

ደግሜ ሞከርኩ። አሁንም ግራ።

ሳምንቱን ሙሉ ሌሎች ላይ ያወረድኩትን ስድብ ለራሴ አንድ በአንድ ደገምኩት፣ ልክክ ይላል። ኦቦ ቶሎሳ «አስቢበት» ብለውኝ ነበር። ለማስተካከል ማቀፊያውን ቆርጦ እንደገና መበየድ ያስፈልጋል፣ መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም።

ግቢ ውስጥ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ አሥር ጊዜ ያህል ተለማመድኩ። ቀኝ ስፈልግ ግራ። ሁለት ጊዜ አጥሩን ነካሁ።

እሑድ

ግርማ መጋዝ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር መጣ። እጁን አጣምሮ በሩ ጋ ቆመ። ሞተሩን አስነሳሁ።

በሩ ጠባብ ነው፣ ከወጡ በኋላ ወደ ቀኝ መታጠፍ አለ። ትንፋሼን ይዤ መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። ወጣች። ከመጋዝ ያዦቹ አንዱ አጨበጨበ። ሦስት ቤት አልፌ እትዬ አልማዝ ግቢ አስገባኋት፣ ቀድሜ አስፈቅጃቸው ነበር። ማንም ምንም አላወቀም።

ግርማ በእግሩ ተከትሎኝ መጣ። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፣ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን። የመኪናዋን በር በመዳፉ ዳሰሰና «አባዬ ቢያያት» አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ቀጥሎ «እስቲ እኔም ትንሽ ልንዳት» አለኝ፣ እንደ ልጅ።

ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። «ዛሬ አይሆንም» አልኩት። ለምን ሲለኝ የመሪውን ነገር ደብቄ ጎማዋን በድንጋይ አስደገፍኩ። ቀና ብሎም ሳያየኝ ሄደ፤ ተቀይሞኛል መሰለኝ።