የሰሊጥ ሳሙና ሂሳብ

ሰኞ
ሳሙናው አለቀ። የመጨረሻዋን ቁራጭ ዛሬ የአያ ደምሌን እግር ሳጥብ ጨረስኳት። ጥይት ባታቸውን በስቶ ካለፈ ወዲህ ቁስሉ ይሸታል። አርበኞቹ ሽንፋ ወንዝ ዳር ከሰፈሩ ጀምሮ ቁስለኛ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ካርቱም ትምህርት ቤት ሳለሁ ትንሽ ሕክምና፣ ትንሽ ኬሚስትሪ ቀምሻለሁ። አለቃችን «እስከ እሑድ ካልጠራ እግራቸው ይቆረጣል» አሉ። መተማን ጣልያን ይዞታል፤ ሳሙና ከየት ይመጣል? ያለን የሰሊጥ ዘይት ብቻ ነው።

ማክሰኞ
ከገላባት ጫካ ለጫካ የሚመጡት ነጋዴ ሐጅ ኢድሪስ አትሮን አመጡልኝ፤ ያ ከሱዳን በረሃ የሚወጣው ሶዳ። ሚዛናቸውንም አዋሱኝ። «የኔ በወቄት ነው፤ ያንቺ ትምህርት በምንድን ነው?» አሉ። በግራም ነው፤ ምጣኔው እስከተጠበቀ ግን ለውጥ የለውም አልኳቸው።
ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተጋድሜ ስለ ሞል፣ ስለዚያ የኬሚስትሪ መቁጠሪያ፣ ሳስብ ዋልኩ። ሰሊጥን በፍሬ የሚቆጥር የለም፤ ይመዘናል። የማይታዩት ቅንጣቶችም እንዲሁ። አንድ ሞል ሶዳ መቶ ስድስት ግራም፣ አንድ ሞል ውሃ የጠጣ ኖራ ሰባ አራት። ሲገናኙ ሁለት ሞል ኮስቲክ ሶዳ፣ ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገውን፣ ይሰጣሉ፤ ሰማንያ። ሙቀቱ ከወንዙ በላይ ሲርገበገብ ቁጥሮቹ እዚያ ውስጥ የሚዋኙ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ
ወጥ የሚሠሩልን እትየ ጥሩነሽ ዘይቱን አልሰጥም አሉ። «ጾም ገብቷል። ሰዉ በምን ይብላ?» እውነታቸውን ነው። ለሙከራ አንድ ሲኒ ብቻ ቀዱልኝ።
ከአትሮኑና ከኖራው ጋር አፈላሁት፤ አልረጋም። ዘይቱ ከላይ ሰፈፈ። አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ።

ሐሙስ
ኖራውን ራሴ ድንጋይ አቃጥዬ፣ ውሃ አጠጥቼ ያዘጋጀሁት ነው፤ እሱ ደህና ነው። አትሮኑን ብረት ምጣድ ላይ ብጥለው ተንጣጣ፣ ተነነ። ከአሥር ወቄት ሰባት ቀረ። ለካ ትናንት ውስጡ ያለውን ውሃም ሶዳ ብዬ መዝኜው ኖሯል።
እንደገና፦ ሰማንያ ስምንት ወቄት ዘይት አሥራ ሁለት ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። ለዚያ የተቆላ አትሮን አሥራ ስድስት ግድም፣ ኖራ አሥራ አንድ። ከሁለቱም ትንሽ ቀነስኩ። ዘይት ቢተርፍ ምንም አይደል፤ ኮስቲኩ ከተረፈ ቁስል ይበላል።
እትየ ጥሩነሽ ምጣዱን ሲያዩ ቆይተው የዘይቱን ጣሳ ራሳቸው ተሸክመው አመጡት። «ከተበላሸ ደረቁን እንበላለን» አሉ።

ዓርብ
ዘይቱ ከኮስቲኩ ጋር ሲፈላ ዋለ። እያማሰልኩ ሳላንቀላፋ አልቀረሁም፤ የካርቱም መስኮቶች፣ ጠመኔ፣ የአንዲት ልጅ ሳቅ። ስባንን ወፍሯል። ጨው ነሰነስኩበት፤ ሳሙናው ተለይቶ ተንሳፈፈ። ክንዴን አሸሁበት። አላቃጠለኝም።

ቅዳሜ
አያ ደምሌን ሁለት ጊዜ አጠብኳቸው። «ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል፤ ይሄማ ይበላል» አሉ ሳሙናውን እያሸተቱ። እጣቢውን ወንዝ ዳር ደፋሁት፤ አረፋው ቀስ እያለ ወደ ሱዳን ሄደ፤ እስኪጠፋ አየሁት።

እሑድ
አለቃችን መጋዝ ይዘው መጡ። ጎንበስ ብለው ቁስሉን አሸተቱ፣ ዳር ዳሩን ነካኩ። «እስቲ እስከ ረቡዕ እንይ» ብለው መጋዙን በጆንያ ጠቀለሉት።
አያ ደምሌ ተኝተዋል። አሁን የእግራቸው ጣት ሲንቀሳቀስ አየሁ። ወይም መሰለኝ።