ከበሩ ጎን የነበረው መታጠቢያ

የካቲት 11 ቀን

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? የዛ አገር ብርድ አሁንስ ለመደሽ? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል፤ በስልክ ቸኩዬ ብነግርሽም አሁን ቁጭ በይና ከመጀመሪያው አንብቢው።

ሽቶን ማን ይረሳዋል! ያ ሳይመጣ ሽታው ቀድሞት የሚደርሰው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ። ከስድስት ዓመት በፊት ሕፃናቱ በኢንፌክሽን መሞት ሲያበዙ «ነርሷ እጇን አትታጠብም» ብሎ አንቺን አስባረረሽ። አንቺ እጅሽን አትታጠቢም! እኔን በልጅነቴ እስከ ክርኔ ካልታጠብኩ ዳቦ የማታስነኪኝ ሴትዮ! ሃያ ሁለት ዓመት ከሠራሽበት ክፍል ዕቃሽን በካርቶን ይዘሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ ስትወጪ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ቆይ ብቻ፣ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ሕክምና ስገባ ደስ አለሽ። በላዩ ላይ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ልጨምር ስል ግን አንቺም «ልጄ፣ ትታመሚያለሽ» አልሽኝ። ሽቶማ ተማሪ ፊት «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብሎ አሳቀብኝ። ጠዋት ከአልጋ አልጋ ስዞር፣ ከሰዓት ወዲያ ማዶ ወዳለው የኅብረተሰብ ጤና ሕንፃ ስሮጥ፣ ምሳዬን ደረጃ ላይ ስገምጥ፣ ሁለቱንም ዛፍ ወጣኋቸው።

ሐኪሞቹ «ይሄ ልጅ ምን ሆነ?» ብለሽ ጠይቂ ይላሉ። ወዲያኛው ሕንፃ ያሉት ደግሞ «ስንቱ? የት? ከመቼ ጀምሮ?» ነው የሚሉት። እኔም የመመረቂያ ጥናቴን የዛን ክፍል ሞት አደረግኩት። ፈቃዱን የፈረመልኝ ሽቶ ራሱ ነው! የማን ልጅ እንደሆንኩ የት ያውቅና፤ የነርስ ዘመድ ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል።

የስምንት ዓመት መዝገብ አገላብጬ ሞቱን በየወሩ ደረደርኩት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ምንም አልቀነሰም። የጨመረው አንቺ ከመባረርሽ አራት ወር በፊት፣ ከሰኔ ጀምሮ ነው። በዛ ሰኔ ምን ሆነ? አንቺም ታስታውሺዋለሽ፤ ከበሩ ጎን የነበረውን የእጅ መታጠቢያ ቦታ ሽቶ በግድግዳ አስከልሎ ቢሮው አደረገው። ነርሶቹ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደው ይታጠቡ ተባለ። ሠላሳ ሕፃን የያዙ ሁለት ነርሶች! መታጠቢያው ግን እዛው ቢሮ ውስጥ ነው፤ እሱ ብቻውን ይታጠብበታል።

ከትናንት ወዲያ ጥናቴን አቀረብኩ። ሽቶ ከፈታኞቹ አንዱ ነበር። የየወሩን ሞት የሚያሳየውን ግራፍ ግድግዳው ላይ አብርቼ «ይሄ መስመር ነርሷ የተባረረችበት ቀን ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የእርስዎ ቢሮ የተሠራበት» አልኩት።

«የቷ ነርስ?» አለ።

«ያሳደገችኝ» አልኩት።

አክስቴ፣ ፊቱ አመድ መሰለ! መነጽሩን ሁለቴ ጣለው። በማግስቱ ዲኑ ከኃላፊነቱ አነሳው። ስምሽን የሚያጠራ ደብዳቤም ተጽፏል፤ ይደርስሻል። እሰይ! የእጁን ነው ያገኘው። ሲወድቅ በማየቴ አላፍርም፤ ደግሜም ባየው ደስ ይለኛል።

ግድግዳው ትናንት ፈረሰ። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨረሰው። ነርሶቹ ተሰልፈው ታጠቡ።

ይሄን ሁሉ ትናንት ማታ በስልክ ስነግርሽ እልል የምትዪ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን «ልጄ፣ ያወቅሽው መቼ ነው?» ብቻ አልሽኝ። «አይሰማኝም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ይሰማኝ ነበር።

ኅዳር 3 ቀን ነው ያወቅኩት።

ያን ዕለት ብናገር በጓዳ ይስተካከልና እሱ ስሙን ይዞ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ሰው ፊት እንዲወድቅ ፈለግኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልኩ ሦስት ወር ጠበቅኩ። መዝገቡን ግን መሙላት አላቋረጥኩም። በነዚህ ወራት በኢንፌክሽን የሞቱት ሦስት ናቸው። የመጨረሻዋ ስም እንኳ አልወጣላትም ነበር፤ የጻፍኳት እኔ ነኝ። የቧንቧ ሠራተኛው ሥራ ግማሽ ቀን አልሞላም፣ አክስቴ።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ጉልበትሽን ከብርድ ጠብቂ። ስደቢኝ፣ እርገሚኝ፣ ዝም ብቻ አትበይኝ።

እጅ መታጠብ ያስተማርሻት ልጅሽ