አልጣሽ ከእኔ ዋንጫ የጠጣች ዕለት

ይድረስ ለልጄ ለውባንቺ። የቁሐሩ ሚካኤል በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፤ ቤሩት ያሉትን አሠሪዎችሽን ልባቸውን ያራራልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጎርፉ ዘንድሮም እደጃችን ደርሶ ተመለሰ፤ ሩዙ አምሯል።

በክረምቱ የመንደሩ ልጆች በተቅማጥ ታመው፣ የጎረቤታችን የአልጣሽ ልጅ ልትሞት ደርሳ ተረፈች። መንደሩ «የሸክላ ሠሪዋ ዐይን ነው» አለ። ታውቂያቸው የለ፣ ገንቦዬን ገዝተው ውኃ ይቀዱበታል፣ ከእኔ ዋንጫ ግን አይጠጡም።

ዝም አላልኩም። የታመሙትን ልጆች ሰገራ ወስዳ ያስመረመረችው የጤና ባለሙያ ውጤቱን ልትነግረን ስትመጣ፣ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቼ «የአልጣሽን ልጅ ያሳመማት የእኔ ዐይን ነው ወይ?» አልኳት።

«ቫይረስ ነው» አለች። «ሁለት ዓይነት ቫይረስ አንድ ላይ ሆዷ ገብቶ፣ ዘር ተለዋውጦ፣ ሌላ አዲስ ቫይረስ ሆኗል። አንዱን ያገኘነው በገበሬዎቹ ልጆች ላይ ነው፤ ሌላውን በሸክላ ሠሪዎቹ ልጆች ላይ። ጎርፍ የገባበትን ውኃ ሳታፈሉ አትጠጡ።»

ያን ጊዜ ወደ ሰዉ ዞርኩና «እናንተ ከእኛ ጋር አንበላም፣ አንጋባም ስትሉ፣ በሽታው በልጃችሁ ሆድ ተጋብቶ ወልዷል» አልኳቸው።

በማግስቱ አልጣሽ ልጇን አዝላ መጣች። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውኃ በዋንጫዬ ሰጠኋት። ልጇን አጠጣች፤ የተረፈውን ራሷ ጠጣችው።

እጄን ያስከበረ አምላክ አንቺንም ያስከብርሽ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ ልጄ። እዚያ ያገርሽ ሰው ሲጠይቅሽ የገበሬ ልጅ ነኝ እንደምትይ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። ከእንግዲህ ግን የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪያቸው።

እናትሽ፣ ሸክላ ሠሪዋ እማዋይሽ